እሱ በላ፣ እኔ ልበልሃ

«ነገ ችሎት አለኝ» ብላችሁ ሰው ፊት አትናገሩ። እኔ ትናንት ቡና ላይ አምልጦኝ ተናገርኩ። አቦሉ ሳያልቅ ስድስት ጠበቃ ቆመልኝ። አንዱም ፈቃድ የለው።

ነገሩ ትንሽ ነው። አናጺ ቁም ሳጥን ሠራልኝ፤ በሩ አይዘጋም። ቀሪውን 2,800 ብር ያዝኩበት። ከሰሰኝ። የ1995ቱ የአዲስ አበባ ቻርተር እስከ 5,000 ብር ያለውን የገንዘብ ሙግት ለማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰጥቶታል። ለዚህ ጠበቃ ብይዝ የጠበቃው ሒሳብ ሌላ ቁም ሳጥን ያሠራል። ራሴው እቆማለሁ አልኩ።

«ዳኛ ፊት ክንድህን እንዳታጣምር» አሉ እማማ። «መቃወሚያ አቅርብ» አለ አንዱ። ምን ብዬ? «መቃወሚያ ብለህ ነዋ!» የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ጭራሽ አትሂድ፣ ይሰለቻል» አለኝ። ተከሳሽ ከቀረ ክሱ በሌለበት እንደሚሰማ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ1958 ጀምሮ ይናገራል። ለአጎቴ ልጅ ግን የነገረው የለም።

ድሮ እኮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፍለጋ የሚሄዱት። እኔና አናጺው እንደዚያ ብንቋጠር መንገድ ላይ እንታረቅ ነበር። አሁን ስልኬንም አያነሳ። ቆሞ «በላ ልበልሃ!» እያሉ መሟገትም ቀረ። አያቴ የምትወዳት ተረት አለች፤ «ከሳሽ የተከሳሽን መልስ ቢያውቅ ሙግቱን በተወ» ትላለች። እኔም እወዳታለሁ። ችግሩ መልሱን ተከሳሹም አለማወቄ ነው።

ከስድስቱ ያቃጠለኝ ስድስተኛው ነው። ቆሎ እየቆረጠመ፣ «የጽሑፍ ውል የለህም? አንተ ሰው መቼ ነው የምትማረው?» አለኝ። ይሄ ሰውዬ 6,000 ብር ወስዶብኛል። «እስከ ደሞዝ» ብሎ። ደሞዙ ከወጣ አራት ዓመት አለፈው። ለመክሰስ አስቤ ሕጉን ሳገላብጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 አፌን አስያዘኝ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይ ተበዳሪው ችሎት ላይ ካላመነ ወይ ካልማለ በቀር አይረጋገጥም። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው። ያኔ 500 ብር ብር ነበር፤ ዛሬ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ሰው ለጓደኛው የኪሎ ሥጋ ሲያበድር ያስፈርም? እማኝ ይጥራ? ይማል እንዳልል ደግሞ ይሄ ሰውዬ «አልወሰድኩም» ብሎ ይምላል! ቡናዬን ጠጥቶ፣ ብሬን በልቶ፣ ስለ ውል ያስተምረኛል። እሱ በላ፤ እኔ ልበልሃ ማለት አቃተኝ።

ብቻ... ችሎቱ። ሌሊቱን ሦስት ገጽ ጽፌ አደርኩ። «ክቡር ፍርድ ቤቱ» የሚለው ብቻ አሥራ አንድ ቦታ አለ። ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ዳኛዋ «በሩ ይዘጋል አይዘጋም?» አሉ።

አናጺው ቀደመኝ። «ይዘጋል! ብርድ ልብስ አጭቆበት ነው እንጂ።»

እውነት ለመናገር፣ ብርድ ልብስ አለበት።

«ባዶውን ሳለ ያየ ምስክር አለህ?» አሉኝ። አለኝ። ቁም ሳጥኑ የመጣ ቀን ተሸክሞ ያስገባልኝ አንድ ሰው ነው። ሳምንት ተቀጠርን። እንደወጣሁ ደወልኩለት።

«እመጣለሁ» አለኝ ስድስተኛው ጠበቃዬ። «ብቻ የታክሲ ላክልኝ፤ እስከ ደሞዝ።»