ማንበብማ ለቸገረው ነው

«አያነቡም» እያሉ የሚያሙን አሉ፤ ማንበብ አቅቶን ግን አይደለም። ይሄ በቅድሚያ ይታወቅልን። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት በአለንጋ፣ ኤቢሲዲን በግል ትምህርት ቤት በክፍያ የተማርን ሰዎች ነን። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻማ እናቶች ልጅ አዝለው ሀሁ ቆጥረዋል። ዘመቻው በኋላ 15 ቋንቋ ደርሷል፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኝቷል። ሥራው እዚያ ላይ አለቀ። የሚችሉትን ነገር በየቀኑ ማሳየት ጉራ ነው፤ እኛ ደግሞ ትሑቶች ነን።

ትሕትናችንን ማየት የፈለገ የቴሌግራም ገበያ ጎራ ይበል። ሻጩ ጫማውን ፎቶ አንስቷል፣ ዋጋውን ጽፏል፣ ቁጥሩን ከ39 እስከ 43 ዘርዝሯል፣ መገናኛ የትኛው ሕንፃ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ሳይቀር አስቀምጧል። ከሥር «ዋጋ?» ይላል አንዱ። ቀጥሎ «ስንት ነው?»፣ ቀጥሎ «42 አለ?»፣ ቀጥሎ «የት ናችሁ?»። በመጨረሻ አንዱ «ዋጋ የማትጽፉት ግን ለምንድነው?» ብሎ ይቆጣል፣ ላይኩም ይዘንብለታል። ሰው ከሰው ጋር ማውራት ትቷል እያላችሁ የምታማርሩ፣ ይኸው! ዋጋውን አንብቦ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ነው ማኅበራዊ ኑሮን የሚገድለው።

ቢሮም ያው ነው። በሩ ላይ «መታወቂያ ዋናውና ኮፒው፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ» የሚል ወረቀት በትልቁ ተለጥፏል። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ተደግፎ ጥበቃውን «ጋሼ፣ ምን ምን ነው የሚያስፈልገው?» ይላል። ጋሼም በቃላቸው ይወጡታል፤ ፎቶውን ይረሱታል እንጂ። ተሰልፎ ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ታዲያ ይሄ ባይኖር ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ልጆቹን በምን ያሳድግ?

በስልክ የሚላከው የሚስጥር ቁጥርስ? መልእክቱ «ለማንም አይስጡ» ይላል። ደዋዩ ግን ድምፁ ያምራል፣ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረን፣ «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ብሏል። ጨዋ ሰው አክብሮ ሲጠይቅ እምቢ ይባላል እንዴ? ቁጥሩን አንድ በአንድ እናነብለታለን። አያነቡም ለሚሉን እዚህ ላይ መልስ አለን፦ ጮክ ብለን፣ አንዷን አኃዝ ሳንስት እናነባለን፣ የምንዘለው ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

የጥበባችን ቁንጮ ግን ውል ላይ ነው የሚታየው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ፊደል ላልቆጠረው ሰው ተጨንቆለታል። አንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ማንበብ እየቻለ ለማያነበው ግን ሕጉ ምንም አላዘጋጀም። ትልቅ በደል ነው! ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ የውሉን የመጨረሻ ገጽ ብቻ ገልጦ «የት ጋ ነው የምፈርመው?» ለሚል ምሁር አንድ አንቀጽ ይነፈጋል?

ዋስ የሚሆኑትማ ልዩ ናቸው። አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። እንግዲህ ብሩ እዚያው ወረቀት ላይ አለ ማለት ነው። ግን ጓደኛ ፊት ቁጥር ማየት ነውር ነው፤ «አላመንከኝም?» ይባላላ። ስለዚህ ዋሳችን ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ ይፈርማል። የሚያነበው ደሞዙ መቆረጥ ሲጀምር ነው። ያኔ ታዲያ አነባበቡ! ነጠላ ሰረዝ አይቀረውም፣ ለሚስቱ ሁሉ ያሰማታል።

ሕጉ በጽሑፍ መደረግ ላለበት ውል ሁለት ምስክርም ይፈልጋል። ችግር የለም፣ ጎን ያለው ካፌ ውስጥ ሁለት ሰው አይጠፋም። ማኪያቷቸውን ትተው ይመጣሉ፣ አንዱ ወረቀቱን የሌላው ጀርባ ላይ አስደግፎ ይፈርማል፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ይመለሳሉ። ከዓመታት በኋላ ክርክር ተነሥቶ ዳኛው «ውሉ ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቁት ምስክሩ ደረቱን ነፋ አድርጎ ይመልሳል፦

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ፊርማው የኔ ነው። ጽሑፉን የጻፈውን ሰው ጠይቁት።»