ከፖቶማክ ማዶ ያለው ዩኒቨርሲቲ

«ልጁ እኮ ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) 1,500 አምጥቷል፤ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ እንዴት አይወስደውም?» ማርች ሲገባ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ የማይቀር ጥያቄ ነው። መልሱ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚለየው የፖቶማክ ወንዝ ነው። አሌክሳንድሪያ ያለው የአክስቱ ልጅ የሚፎካከረው ከቨርጂኒያ ልጆች ጋር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የስቴቱ ስለሆነ ከመቀመጫው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚይዘው ለእነሱ ነው። የእኛው ልጅ ሜሪላንድ ስለሚያድር ከኒው ጀርሲና ከካሊፎርኒያ ጎበዞች ጋር በቀረችው ላይ ይሻማል።

አገር ቤት ሚኒስቴሩ ይመድባል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ጅማ ቢደርሰው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል እንጂ የጅማ ተወላጅ ስላልሆንክ እጥፍ ክፈል አይባልም። እዚህም በዚያው ልማድ አንድ ቁጥር ላይ ሙጭጭ እንላለን፦ አክሰፕታንስ ሬት፣ ማለትም ካመለከቱት ውስጥ ያለፉት በመቶ። ያ ቁጥር ግን የሁለት ወረፋ ድምር ነው። ለምሳሌ 50,000 አመልክቶ 10,000 ቢያልፍ 20 በመቶ ነው፤ ደስ ይላል። ከአመልካቾቹ 15,000ዎቹ የስቴቱ ልጆች ሆነው 6,000 ካለፉላቸው ግን 40 በመቶ የእነሱ ነው፤ ለሌላው 35,000 ሰው የቀረው 4,000 ብቻ፣ 11 በመቶ ገደማ ነው። በ20 በመቶ ተስፋ ያመለከተ ልጅ ዕድሉን ከእውነተኛው እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል እስከማይቀረው አግንኖ ቆጥሯል ማለት ነው።

ቻፕል ሂል ያለው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለአሥርታት ከሌላ ስቴት የሚመጡ አዲስ ገቢዎችን በ18 በመቶ ገድቦ ኖሯል። ልብ በሉ፣ 18 በመቶ የሚለካው ተመዝግበው ከገቡት እንጂ ካለፉት ሁሉ አይደለም። ከሩቅ ካለፉት ብዙዎቹ ሳይመጡ ስለሚቀሩ ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በላይ ያሳልፋል። ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከአሥር መቀመጫ ዘጠኙን ያህል ለራሱ ልጆች ይሰጣል።

ከወሬ ይልቅ የዩኒቨርሲቲውን ስምና «ኮመን ዳታ ሴት» ብሎ ጉግል ማድረግ ይሻላል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ተማሪ ቅበላቸው በየዓመቱ የሚያወጡት ሰነድ ነው። ሲ7 (C7) በሚባለው ክፍል ላይ የስቴት ነዋሪነት የሚለውን መስመር እዩ፤ «በጣም አስፈላጊ» ከተባለ ነገሩ ግልጽ ነው። በቅርብ ዓመታት ሰነዶች ሲ1 አመልካቹንና ያለፈውን በነዋሪነት ይከፋፍላል፤ አንዳንዱ ባዶ ቢተወውም። ሲ9 ላይ ያለው የኤስኤቲ ውጤት ግን ሁሉን የቀላቀለ ነው፤ ከሌላ ስቴት የሚያመለክት ልጅ መነጻጸር ያለበት ከ75ኛው ፐርሰንታይል (ከአራት ሦስቱ ከዚያ በታች ካመጡበት ውጤት) ጋር ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤስኤቲ ጭራሽ አያይም፤ ዝቅተኛውን ጂፒኤ (የሁለተኛ ደረጃ አማካይ ውጤት) ግን ለነዋሪ 3.0፣ ለሌላው 3.4 አድርጎታል።

ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ ክፍያው ሌላ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነዋሪ ባልሆነ ልጅ ላይ ከመደበኛው ክፍያ ሌላ በዓመት ከ30,000 ዶላር በላይ ይጨምርበታል።

«አክስቱ ቨርጂኒያ አለች፣ በእሷ አድራሻ ያመልክት» የሚል ብልጠትም አለ። አይሠራም። በወላጅ የሚተዳደር ልጅ ነዋሪነቱ የሚታየው በወላጁ ነው፤ ወላጁም ትምህርት ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀድሞ ቨርጂኒያ ገብቶ ታክሱን፣ መንጃ ፈቃዱንና የመኪናውን ሰሌዳ እዚያ ማዞር አለበት።