አያ ጅቦ ይቅርታ ጠየቀ

የልጆችን መጽሐፍ እንደ ሰላጣ ቅጠል አጥበው አጥበው የሚያቀርቡልን ወላጆች፣ አርታዒዎችና አሳታሚዎች እስከ ዛሬ አንድ ሜዳሊያ እንኳ አለማግኘታቸው ያሳዝናል። እነሱ ባይኖሩ ልጆቻችን ጅብ ሥጋ እንደሚበላ ሰምተው ያድጉ ነበር።

ሥራቸውን በቅርብ ለማየት የአህያንና የጅብን ተረት እንውሰድ። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ። ጅብ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላል። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ። አህያም ክርክሩ የት እንደሚያደርስ ስለገባት «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» ብላ ትገላገላለች። የአምስት ዓመት ልጅም፣ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ያረጀ አያቱም እኩል ይስቁበታል። ታጥቦ ሲወጣ ግን ጅቡ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አህያዋ ይቅር ትላለች፣ ተቃቅፈው ይሸኛኛሉ። መጨረሻው ገጽ ላይ «ከዚህ ተረት ምን ተማርን?» ይላል። መልሱ ውሃ መቆጠብ ነው።

ሞትን በቀልድ የሚያጫውቱ ሥዕላዊ የግጥም መጻሕፍት ከባሕር ማዶ ሲመጡማ የአጣቢዎቻችን ሙያ ይበልጥ ይደምቃል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1844 ለሦስት ዓመት ልጁ የገና ስጦታ መጽሐፍ ሊገዛ ወጥቶ፣ ያገኘው ሁሉ «ጥሩ ልጅ እውነት ይናገራል» ዓይነት ምክር ሆነበት። ባዶ ደብተር ገዝቶ ተመለሰና ራሱ ጽፎ ራሱ ሣለው። እዚያ ውስጥ ክብሪት የጫረችው ልጅ ነዳ አመድ ትሆናለች፤ የሚተርፈው ጫማዋ ብቻ ነው፤ ሁለት ድመቶች አጠገቡ ቁጭ ብለው እንባቸውን ያፈሳሉ። ሾርባ አልበላም ያለው ልጅ ደግሞ በአምስተኛው ቀን ይሞታል፤ መቃብሩ ላይ የሾርባ ሳህን ይቀመጥለታል። አጣቢ ለዚህ መላ አያጣም። ክብሪቱን ያርሰዋል፤ ለሾርባው ልጅ ፓስታ ይቀቅላል።

የሌላውን ጀርመናዊ የቪልሄልም ቡሽን ማክስና ሞሪትዝማ ማጠብ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1865 በታተመው በዚያ መጽሐፍ ሁለቱ ተንኮለኞች በሰባተኛው ተንኮላቸው ተይዘው ወፍጮ ውስጥ ይጨመራሉ፤ ተፈጭተው ሲወጡ ዳክዬዎች ለቅመው ይጨርሷቸዋል። ዳክዬዎቹን ጾም ማስያዝ ነው። የእንግሊዛዊው ሂሌር ቤሎክ ጂም ግን ትንሽ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1907 በወጣው መጽሐፍ ጂም ከሞግዚቱ እጅ አምልጦ አንበሳ እጅ ይወድቃል፤ አንበሳው ከእግሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይበላዋል። መጨረሻ ላይ «የሞግዚትህን እጅ አትልቀቅ፣ የባሰ እንዳይመጣ» የሚል ምክር አለ። ምክሩ ራሱ በመካሪ መጻሕፍት ላይ የተወረወረ ፌዝ ነው። አጣቢያችን አንበሳውን አውጥቶ ምክሩን ብቻ ያስቀራል።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ጎሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ፊደል ማስቆጠሪያ ደግሞ 26 ፊደል፣ 26 ልጅ፣ 26 አሟሟት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመርና አንድ ሥዕል፤ መስመሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ቤት ይመታሉ። ሥዕሉ በጥቁር ብዕር፣ እርስ በርስ በሚቆራረጡ ቀጫጭን መስመሮች የተሠራ ነው። አንዱ ልጅ በድቦች እንደሚጠቃ ግጥሙ ይነግረናል፤ ሥዕሉ ላይ ግን ድቦቹ ገና እየመጡ ነው። ሌላው በመሰላቸት ይሞታል፤ ከእሱ የሚታየን በመስኮት ብቅ ያለ ራሱ ብቻ ነው። የቀረውን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል፤ ሳቁም ፍርሃቱም ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። አጣቢው የቀለም ባልዲውን ይዞ ሲደርስ መስመሮቹ ከቢጫና ከሮዝ ሥር ይቀበራሉ፣ ጥላው ይጠፋል፣ ጨለማው ኮሪደር የሙአለ ሕፃናት ክፍል ይሆናል። ምን ያህል ደስ እንደሚል!

ግጥም ላይ እጃቸው የበለጠ ይፈታል። ለማሳያ ያህል ይህን ስንኝ እንይ፦

ማሙሽ ከአዞ ጋራ ድብብቆሽ ገጥሞ፣
አዞው ዋጠውና አለቀሰ ደግሞ።

የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ስድስት ስድስት ክፍለ ቃል ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ምቱ እሽሩሩ የሚያሰኝ፣ ወሬው መርዶ መሆኑ ነው ቀልዱ። ገጣሚው አያዝንም፣ አይደነግጥም፤ የአዞ እንባ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሁሉ «ደግሞ» የምትለው ቃል ሥራውን ትጨርሳለች። ሰዓሊም ግጥሙ ያለውን መድገም የለበትም። ጸጥ ያለ ውሃ፣ የተንሳፈፈች አንዲት ቆብ፣ በመሐረብ ዓይኑን የሚጠርግ አዞ ይበቃል። ደም ከታየ ሳቁ አለቀ። ሲታጠብ እንዲህ ይሆናል፦

ማሙሽ ከአዞ ጋራ ድብብቆሽ ገጥሞ፣
አዞው ካገኘው በኋላ ሰላምታ ሰጥቶት፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በሰላም ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ቤት መምታቱ ቀርቷል፤ እጅ መታጠቡ ግን ተገኝቷል። አዞውም ጥርሱን አውልቋል።

መጽሐፉን ሳይታጠብ ያገኙት ወላጆችም እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። እያነበቡ በቃላቸው ያጥቡታል። «ሞተ» የሚለው ጋ ሲደርሱ «ደክሞት ተኛ» ይላሉ። ዘዴው ረቂቅ ነው፦ ተረቱ የሚነበበው በመኝታ ሰዓት ነው፣ የተኛው ማሙሽ በሚቀጥለው ገጽ አልተመለሰም፣ አሁን ደግሞ «በል አንተም ተኛ» ተብሎ መብራት ይጠፋል። ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት ዓይኑን አፍጥጦ ቢያድር ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው፤ ከመደርደሪያው ይውረድ።

በወረደው መጽሐፍ ምትክ ያለ አንድ ሳንቲም የሕትመት ወጪ የሚቀርብ ሥነ ቃል አለን። ጉርሻ እንቢ ያለ ልጅ «አያ ጅቦን ልጥራው?» ይባላል፤ ያለቀሰ «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል»፤ ሱቅ ውስጥ የረበሸ «ለፖሊስ ነው የምሰጥህ»። ቤት አይመታም፣ ሥዕል የለውም፣ አያስቅም፤ ስለዚህ ለሕፃናት ተስማሚ ነው። የመጽሐፍ ጅብ ሽፋኑ ሲከደን አብሮ ይከደናል። በእራት ሰዓት የተጠራው ግን በር ላይ ቆሞ ያድራል፤ ልጁም ሽንት ቤት ለመሄድ አጃቢ ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ ስፖንጃቸው ገና ያልደረሰበት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አለ። 78 ሰው የበላው በላዔ ሰብእ ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጠው እፍኝ ውሃ ሲያድነው፣ ስንቱ ልጅ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ አይቶት አድጓል። ማንም «ከስንት ዓመት በላይ ነው?» ብሎ አልጠየቀም።

ለጀማሪ አጣቢዎች አንድ የማተሚያ ቤት ምክር እንጨምር። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ በአራት በአራት ነው የሚያድገው። «ምን ተማርን?» የምትል አንዲት ገጽ እጨምራለሁ ያለ ሰው ሦስት ባዶ ገጽ አብሮ ይታቀፋል። በአንዱ ጥያቄና መልስ፣ በሁለተኛው የደራሲው ፎቶ በክራቫት ይገባል። ሦስተኛው ላይ እንደ ልማዱ ጥርስ አልባው አዞ «ቀለም ቀባኝ» ተብሎ ይቀመጣል። አደጋው ያለው እዚህ ነው። ልጁ በመጀመሪያ ለአዞው ጥርስ ይስልለታል፤ ጥቂት ቆይቶ ከአፉ ጫፍ ሁለት ትናንሽ ጫማዎች ብቅ ይላሉ። ስለዚህ መጽሐፉን ከመስጠትዎ በፊት ቀዩን እርሳስ ከሳጥኑ ያውጡ።