ሚስት በጫንቃ፣ ቢራ በኪሎ

ባል ሚስቱን “ትንሽ ወፈር ብትዪ ምን አለበት” ብሎ በሰላም የሚያድርበት አገር ካለ ፊንላንድ መሆን አለበት። ያውም ሶንካያርቪ የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ።

እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ፣ ጁላይ መጀመሪያ ላይ፣ ሚስት የመሸከም ውድድር አለ። እየቀለድኩ አይደለም፤ የዓለም ሻምፒዮና ነው የሚሉት። ወንዱ ሴቲቱን ተሸክሞ 253.5 ሜትር ይሮጣል (ግማሿ ሜትር ምን ልትሠራ እንደገባች እሷው ታውቃለች)። መንገዱ ላይ ሁለት የሚዘለሉ መሰናክሎች አሉ፣ አንድ ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ውሃ። ቀድሞ የጨረሰ የሚሸለመው ቢራ ነው። ስንት? የተሸከማት ሴት የምትመዝነውን ያህል!

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቀጭን ከሆነች ሩጫው ይቀላል፣ ቢራው ያንሳል። ሞላ ካለች ቢራው ይትረፈረፋል፣ ወገብ ግን ውሃው ውስጥ ይቀራል። እና ውድድሩ ሲቃረብ ባልየው ገበታ ላይ “ብይ እንጂ፣ በሞቴ” እያለ ሲያጎርሳት ፍቅር ይሁን ስሌት በምን ይታወቃል? ብልጥ ሚስት “ስንት ሳጥን አስበህ ነው?” ትለዋለች። አዘጋጆቹም ሳይነቁ አልቀሩም፤ ትንሹን ክብደት 49 ኪሎ አድርገውታል። ከዚያ በታች የሆነች የጎደለው በቦርሳ ተሞልቶ ይታዘላታል፣ እሱ ደግሞ እሷንም ቦርሳዋንም።

ደንቡ ላይ “ሚስት” ማለት የግድ የራስ ሚስት አይደለችም። የራስህ፣ የጎረቤትህ ወይም ራቅ ካለ ቦታ ያገኘሃት ልትሆን ትችላለች ይላል። ይሄን የጻፈ ሰው ግን ጎረቤት ኖሮት ያውቃል? እኛ ሰፈር “ጋሼ፣ ባለቤትዎን ለቅዳሜ ያውሱኝ” ያለ ሰው ሽማግሌ ሳይሆን አምቡላንስ ነው የሚላክለት።

ነገሩ የተያያዘው ሮንካይነን ከሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሽፍታ ጋር ነው። ተከታዮቹን የሚመለምለው በከባድ መሰናክል እያስሮጠ ነበር ይባላል፤ ከየመንደሩ ሴት ጠልፎ መሄድም በዘመኑ የተለመደ ነበር ይላሉ። ጠለፋን በቅርብ ስለምናውቀው እዚህ ጋ ሳቄ ቀነስ ይላል። የአሁኖቹ ቢያንስ ፈቅደው ነው የሚጫኑት፣ ሄልሜትም ያደርጋሉ።

ስለ አጫጫን ከተነሳ ግን ኢስቶኒያዎችን የሚያህል የለም። ሴቲቱ ተዘቅዝቃ፣ እግሮቿን በትከሻው ላይ አሳልፋ፣ ከኋላ ወገቡን ጥምጥም አድርጋ ትይዘዋለች። ፊቷ ከምኑ ጋር እንደሚፋጠጥ አልናገርም፣ ልጆች ያነባሉ። በዚህ ዘዴ ከ1998 እስከ 2008 በተከታታይ አሸንፈዋል፤ በ2000 አንድ ጥንድ በ55.5 ሰከንድ ነው የጨረሰው። የእኛ ሙሽራ ለፎቶ ብሎ ሚስቱን አንስቶ ሦስት ደረጃ ሲወጣ የሚዜዎቹን ጭንቀት አይታችሁ ከሆነ ፍጥነቱ ይገባችኋል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ተወዳዳሪው ሁሉ መደሰት አለበት የሚለው ደንብ ነው። ተዘቅዝቃ፣ ውሃው ውስጥ ተነክራ፣ አፍንጫዋ ተሞልቶ የወጣች ሴት መደሰቷን ዳኛው በምን ያረጋግጣል? እኔ ዳኛ ብሆን ቢራው ያለ እሷ ፊርማ ንቅንቅ አይልም። ኪሎው የማን ሆነና!