በነጎድጓድ የፈራ ውሻን ማባበል ፍርሃቱን አያባብስም

«ሲያንጎደጉድ የሚንቀጠቀጥ ውሻ አታባብሉ፣ ፍርሃት ታስለምዱታላችሁ» የሚለው ምክር እየተደጋገመ ስለሆነ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። ሽልማት የሚያጠናክረው ድርጊትን ነው፤ ፍርሃት ግን ስሜት ስለሆነ ስለተዳበሰ አይጨምርም። ራሳችሁ አረጋግጡ፦ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ደረቱን በዝግታ እያሻችሁ ማለክለኩን፣ ወደ ኋላ የተለጠፈ ጆሮውንና በእግሮቹ መሃል የሸጎጠውን ጭራ ተመልከቱ። ከረገበ ቀጥሉ፤ ፈቀቅ ካለ አትያዙት። እንዳንጎደጎደ ወዲያው ጥፍር የምታክል ሥጋ ስጡት፣ ድምፁን ከጥሩ ነገር ጋር ማያያዝ ይጀምራል። ሥጋውን እምቢ ካለ ፍርሃቱ በርትቷልና የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

«አታባብሉ» በሚለው ምክር በጣም የሚጎዱት ክረምቱን ግቢ ውስጥ ታስረው የሚያሳልፉት ውሾች ናቸው። «ይለምደዋል» ተብለው ሲተዉ፣ ለማምለጥ ሲታገሉ ሰንሰለቱ አንገታቸውን ያቆስለዋል፤ ፍርሃቱም በየዝናቡ ሊብስ ይችላል። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ገና ሳያንጎደጉድ፣ ፈታችሁ ቤት አስገቧቸው።