መድኃኒቱ ስም አለው፤ የሕዋሱ ባለቤትስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የጤና ጥናት የተዘጋጀ የስምምነት ቅጽ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጥቶኝ ነበር። ቅጹ «ናሙናው ለወደፊት ምርምር ሊቀመጥ ይችላል» የሚል አንድ መስመር ነበረበት። ተረጎምኩት፤ ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንከን አላገኘሁበትም። ቅጹ ለተሳታፊዎች በተነበበበት ቀን ግን አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ክንዳቸውን እንደ ዘረጉ «የት ነው የሚቀመጠው ልጄ? እስከ መቼ?» አሉ። ደም ሊቀዳ የተቀመጠው ባለሙያ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ወረቀቱ ዞርኩ። ወረቀቱ ላይ መልስ አልነበረም።

ጥያቄያቸው ተራ እንዳልነበረ የተረዳሁት የኢንተርፌሮንን ታሪክ ሳነብ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1957 አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ለንደን ውስጥ በሙቀት የገደሉትን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከጫጩት ሽል በተወሰደ ሽፋን ላይ አቆዩት። ሽፋኑ ከዚያ ወዲያ ሕያው ቫይረስ ሲመጣበት እጅ አልሰጥ አለ። ሕዋሳቱ ያመነጩትን ነገር ኢንተርፌሮን ብለው ሰየሙት። አሠራሩ ለገጠር ሰው እንግዳ አይደለም። ሌሊት ሌባ የገባበት ቤት ኡኡ ይላል፤ የራሱ ንብረት ላይተርፍ ይችላል፤ ጎረቤት ግን በሩን ይቀረቅራል፣ ውሻውን ይፈታል። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ የሚያሰማው ኡኡታ ኢንተርፌሮን ነው።

መድኃኒት ለማድረግ ግን ያን ኡኡታ በብዛት ማሰባሰብ ያስፈልግ ነበር። ሄልሲንኪ ላይ ካሪ ካንቴል ከቀይ መስቀል የደም አገልግሎት ነጭ የደም ሕዋሳትን እየተረከበ፣ ሴንዳይ የተባለ የአይጥ ቫይረስ እየጨመረባቸው ያሳድራቸው ጀመር። በማግሥቱ ፈሳሹ ውስጥ ኢንተርፌሮን ይገኛል። በ1970ዎቹ ዓለም ለሙከራ ከተጠቀመበት ኢንተርፌሮን አብዛኛው ከዚህ ላቦራቶሪ የወጣ ነው፤ የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርም በ1978 ለዚሁ ሙከራ 2 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ካንቴል ዘዴውን በፓተንት አላጠረውም። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ እንዲህ ያለ ለጋስነት የለበትም።

ከደም የተለየ ነጭ ሕዋስ አንድ ጊዜ ጮኾ ያልቃል፤ በየጊዜው አዲስ ደም ይፈልጋል። የካንሰር ሕዋስ ግን እስከተመገበ ድረስ እየተከፈለ ይኖራል። ስለዚህ ዌልካም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ናማልዋ ወደሚባል የሕዋስ ዘር ዞረ። ይህ ዘር የተገኘው የበርኪት ሊምፎማ የተባለ ካንሰር ከያዘው አንድ አፍሪካዊ ሕፃን እጢ ነው። በሽታው የልጆችን መንጋጋ የሚያሳብጥና ካምፓላ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1958 ያስተዋወቀው ነው። ሕዋሳቱ በሺህ ሊትር በሚለካ ጋን ውስጥ እንደ ጠላ ጥንስስ ተራብተው፣ ሴንዳይ ቫይረስ ተጨምሮባቸው፣ የሚያመነጩት ተጣርቶ ዌልፌሮን ተብሎ ለገበያ ቀረበ። በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ስለዚያ ሕፃን የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ «አፍሪካዊ ሕፃን» ከሚለው አይዘልም። በእኛ አነጋገር ደመ ከልብ ሆኖ ቀርቷል።

ነገሩ በአፍሪካዊ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአንድ የደም ካንሰር ሕመምተኛ ኬጂ-1 የተባለ የሕዋስ ዘር አወጡ። ሕዋሱ ለምርምር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሮሽ ኩባንያ ተመራማሪዎች ዘንድ ደረሰ፤ እነሱም ኢንተርፌሮን እንደሚያመነጭ አወቁ። ከዚያ ጄነንቴክ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆነው፣ ባክቴሪያ ኢንተርፌሮኑን እንዲያመርተው ዘረ መሉን ወደ ባክቴሪያ የማስገባቱን ሥራ ተያያዙት። ዩኒቨርሲቲው «የእኔ ሕዋስ ነው» ሲል ክርክር ተነሣ፤ በኋላም ተዋዋዮቹ በስምምነት ጨረሱት። ሕዋሱ ከሰውነቱ የወጣው ሕመምተኛ ግን ከተከራካሪዎቹ መካከል አልነበረም። በ1986 በባክቴሪያ የተመረተው ኢንተርፌሮን በአሜሪካ ሲፈቀድ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ የአንድ ዓይነት ደም ካንሰር ሕመምተኞች ነበሩ። መድኃኒቱ ሰው አድኗል፤ ይህን የሚክድ የለም።

«ሕዋስ በራሱ ምንም አይደለም፤ ዋጋ የሰጠው የሳይንቲስቱ እጅ ነው» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1990 ሐኪሙ ሳይነግረው ሕዋሱን ለምርምር በተጠቀመበት ሕመምተኛ፣ በጆን ሙር ጉዳይ፣ ሰው ከአካሉ በወጣ ሕዋስ ላይ የባለቤትነት መብት የለውም ብሏል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው የዚያው ውሳኔ ሌላ ወገን ግን ሐኪሙ ከሕዋሱ ላይ የገንዘብ ጥቅም የሚያይ ከሆነ አስቀድሞ ለሕመምተኛው መንገር አለበት ይላል። እኔም የምጠይቀው ከዚህ አይበልጥም። በየጠርሙሱ ድርሻ ይከፈለን አላልኩም፤ ይነገረን ነው ያልኩት።

አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ላይ ፓተንት ባወጣ ጊዜ አገር ምድሩ ተቆጥቶ ነበር፤ በኋላ የዚያው አገር ፍርድ ቤት ፓተንቱን ሲሽረውም ደስ ብሎናል። ስለ ደማችን ግን እንዲህ ስንቆጣ ሰምቼ አላውቅም። ደማችን ደግሞ እየተፈለገ ነው። የሰዎች ሕዋስ ለቫይረስ የሚሰጠው የኢንተርፌሮን ምላሽ እኩል አይደለም። በ2020 ሕይወታቸው በኮቪድ አደጋ ላይ ከወደቀ 987 ሰዎች መካከል 101ዱ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል እንደነበራቸው ታይቷል። ስለዚህ ተመራማሪው ከየአገሩ ናሙና ቢፈልግ አይፈረድበትም። እኛም ዘንድ ናሙና ከአገር ሲወጣ የማስተላለፊያ ስምምነት ይፈረማል፤ መልካም ነው። ፈራሚዎቹ ግን ተቋምና ተቋም ናቸው። ነጠላ የለበሱት እናት በዚያ ወረቀት ላይ የሉም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያን አንድ መስመር በሦስት ዓረፍተ ነገር ተካሁት፦ «ደምዎ ከአገር ሊወጣ ይችላል። ከሕዋሳቱ ለብዙ ዓመታት እየተራባ የሚኖር ዘር ሊወጣለት ይችላል። ከእሱም የሚሸጥ መድኃኒት ሊሠራ ይችላል፤ ይህን ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም?» «የማይሞት ሕዋስ» ልል ፈልጌ ተውኩት፤ ያን ቢሰሙ ያማትቡ ነበር። የጥናቱ አስተባባሪ ሦስቱንም በቀይ ቀለም ሰርዞ ጠርዙ ላይ «ሰው ያስደነግጣል» ብሎ መለሰልኝ።

እናትየዋ በዚያች ቀን በአውራ ጣታቸው ፈርመው፣ ሁለት ቱቦ ደም ሰጥተው ሄደዋል። ቱቦዎቹ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነበር።