ከጀርባችን ያለው

በዓል በዋለበት ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጅማ ወደ ጅሬን ኮረብታ የወጣ ሰው ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ወረፋ ያጋጥመዋል። ወረፋው ፎቶ ለመነሳት ነው። አንዱ ቤተሰብ ሲጨርስ ሌላው ይተካል፤ ስልክ የተቀበለው ጓደኛ ሦስት አራት ጊዜ ይጫናል፤ ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ ስክሪኑ ላይ ያጎነብስና «ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ድገመው» ይባላል። ባለፈው ጥቅምት እዚያው ዳር ቆሜ ሳይ፣ ተነሺው ለቤተ መንግሥቱ፣ አንሺው ደግሞ ለሸለቆው ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚቆም፣ ግማሽ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ሁለቱንም በቅጡ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከታች ያለው ሜዳ ታጥቦ ያበራል፤ አንድ ደመና ብቻውን ቀርቶ ጥላውን በከተማዋ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ቀስ እያለ ይጎትታል።

እኔም ከወረፈኞቹ አንዱ ነበርኩና የምወቅሰው ሰው የለም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ራሳችንን ካነሳን በኋላ አንድ ምት ለቦታው እናትርፍ፤ ያንኑ ቦታ ደግሞ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ተመልሰን እናንሳው። ይህን የለመደ ሰው፣ ሽርሽር የሚባለው ነገር ከበዓል ቀንና ከሩቅ ጉዞ ወጥቶ ወደ ዘወትር ኑሮው ይገባለታል ብዬ አምናለሁ።

ወደዚህ ሐሳብ የመራኝ የእናቴ አልበም ነው። ፊልም በነበረበት ዘመን አንድ ጥቅል 36 ምት ነበረው፤ በእኛ ቤት ደግሞ 36ቱ ከፋሲካ እስከ መስቀል መዳረስ ነበረባቸው። ስለዚህ ዛፍን ለብቻው ማንሳት ብክነት ነው፤ ሰው የሌለበት ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ «ምን ሆና ነው ባዶውን ያነሳችው?» ተብሎ ይሳቃል። (ብዙ ሰውማ ከፎቶ ቤት ሳይወጣ፣ ፏፏቴ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ ሽርሽሩን ይጨርስ ነበር።) ዛሬ አልበሙ ሲገለጥ ግን ዓይናችን የሚሄደው ወደ ሌላ ነው። እናቴ ቤል ቦተም ለብሳ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከአዌቱ ወንዝ ዳር የቆመችበት አንድ ፎቶ አለ። በሱሪው አንዴ ስቀን እንጨርሳለን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ሁሉ ከጀርባዋ ስላለው ነገር ነው። ይህ ዛፍ የት ነበር? ውሃው ይህን ያህል ሰፊ ነበር ወይስ ክረምት ሆኖ ነው? ያ ቤት የማን ነው? እናቴ ራሷ መነጽሯን አድርጋ፣ ወጣትነቷን በአውራ ጣቷ ሸፍና ከኋላዋ ያለውን ትመረምራለች።

«ጅማ ውስጥ ደግሞ ምን የሚነሳ ነገር አለ?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለወንጪ ወይም ለሀላላ ኬላ ጉዞ ወራት ይቆጥባሉ፤ ደርሰው ሲመለሱም ደስ ብሏቸው ነው፣ ደግ አደረጉ። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብለን፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት፣ ጉሬዛ በቡና ጥላ ዛፍ ላይ በሚዘልበት አገር እየኖርን «ምን አለ?» ስንል የሰማን የሌላ አገር ሰው ይታዘበናል። ነባሩ ቆጠራችን ዓመቱን ለአራት ከፍሎ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ቀጥሎ በጋ፣ ከመጋቢት 26 ጀምሮ ጸደይ፣ ከሰኔ 26 ጀምሮ ክረምት ይለዋል። የጅማ ሰማይ ለዚህ ድንበር ብዙም አይገዛም፤ የበልጉ ዝናብ በቅጡ ሳያባራ ከክረምቱ ጋር ይገጥማል። ቢሆንም አንዱ ወቅት ከሌላው የሚለይበት መልክ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ነው።

ከዓመቱ ውስጥ አንድ ሳምንት ምረጥ ብባል ቡና የሚያብብበትን እመርጣለሁ። የቡና እምቡጥ በጋውን ሙሉ በቅጠሉ ብብት ተወሽቆ፣ ከክብሪት ራስ ብዙም ሳይበልጥ ተኝቶ ይከርማል። ድርቁ ሳይበረታበት አይነቃም፤ በየካቲት ወይም በመጋቢት የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ጫካው ሁሉ እንደተማከረ በአንድ ሌሊት ነጭ ይለብሳል። መዓዛው ከጃስሚን ይቀርባል፤ ከባጃጅ ሳይወርዱ ይሸታል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይጠወልግና ይረግፋል።

በዚያ ሰሞን ጎማ ወረዳ ውስጥ፣ የቡና መገኛ እንደሆነ ከሚተረክለት ከቾጬ በማይርቅ አንድ መንደር፣ አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው አጥር ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጥቼ፣ «አባቴ፣ ፎቶ ባነሳ ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው።

«እኔን ነው አበባውን?»

«አበባውን።»

«አበባውን ከሆነ ዛሬውኑ ጨርስ። ነገ ብትመጣ የምታገኘው እኔን ብቻ ነው።»

ፀሐይ ላይ ያነሳኋቸው ሁሉ ተበላሹ፤ ነጩ አበባ ብርሃን በዝቶበት የፈሰሰ ኖራ መስሎ ወጣ። ደመና እስኪጋርድ ጠበቅኩና ስክሪኑ ላይ አበባውን በጣቴ ነክቼ ብርሃኑን ወደ ታች ስስበው፣ ያ የኖራ ክምር ተፈልቅቆ እያንዳንዱ አበባ አምስት አምስት ቀጫጭን ቅጠል ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ የጅማን ቡና ስጠጣ ኖሬ የቡና አበባ አምስት ቅጠል እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ካዩ በኋላ «በወረቀት አድርገህ አምጣልኝ» አሉ፤ እሺ አልኩ።

የብርሃንን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የእኛ አገር ፀሐይ ለፎቶ አንሺ ቸኩላለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም ቀጥ ብላ ነው፤ ያ ወርቃማ የሚባለው ብርሃን በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል። በሚያዝያ መባቻና በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ልክ ከአናታችን በላይ ስለምትቆም የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይጨልማል። የሽርሽር ፕሮግራማችን ደግሞ የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው በተራ ቴክኖ ስልክ የሚያነሳውን፣ በቀትር የወጣ ሰው በውድ ካሜራም አያገኘውም። ከዚያ በፊት ግን የስልኩን ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ነው፤ «ካሜራው ደክሟል» የሚባልለት ስልክ ብዙ ጊዜ ያደከመው የምሳ ቅባት ነው።

ክረምትን የምንፈራው ያለ ምክንያት ነው። ጭቃ አለ፣ አውቃለሁ፤ ከሰኔ በኋላ ነጭ ጫማ ማድረግ ድፍረት ነው። ደመናማ ሰማይ ግን ብርሃኑን እንደ ነጠላ አሳስቶ ስለሚያወርደው ቅጠል የራሱን ቀለም የሚያወጣው ያኔ ነው። ስልክን በፌስታል ጠቅልሎ ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ መተው በቂ ነው።

በጅማ ደግሞ ሌላ የሚታይ ነገር አለ። መስቀል ዘወትር ከአደይ አበባ ጋር ይመጣል፤ አረፋ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን እየቀደመ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በ2008 ዓ.ም. አረፋ የዋለው መስከረም 13 ነበር፤ ከመስቀል በአራት ቀን ቀድሞ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ግንቦት 29 ዋለ። እንግዲህ በየዓመቱ አረፋ ከሰዓት በአንዱ ቦታ ፎቶ የሚነሳ የጅማ ቤተሰብ ሳያስበው የአገሩን ወቅቶች በሙሉ እየሰበሰበ ነው። ጎረቤቶቻችን ቤት ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን የአረፋ ፎቶዎች አይቻለሁ፤ ልጆቹ እያደጉ ሲሄዱ ከኋላቸው ያለው ሣር ከቢጫነት ወደ ልምላሜ ይሄዳል።

«ፎቶ ማንሳት ሽርሽሩን ይበላዋል» የሚለውን ክርክር በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ከቤለጠ ጫካ ተመልሶ የሚያስታውሰው ስክሪኑን ብቻ የሆነ ሰው አውቃለሁ፤ ሰውየው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጉሬዛ አገኘሁ ብዬ ስሮጥ ሁለት መቶ ያህል ምት ተጫንኩና ቤት ስደርስ አብዛኛው የጅራት ጫፍና ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ። አሁን ለራሴ የእናቴን ጥቅል መልሼበታለሁ፦ በአንድ መውጫ 36 ምት፣ ከዚያ ስልኩ ኪስ ይገባል። እጅ ሲያጥር ዓይን ይሠራል፤ ከመጫኔ በፊት ቆም ብዬ የማይበትን ጊዜ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። ይህ ለሁሉም ይስማማል አልልም፤ ልጆቿን ሐይቅ ዳር ይዛ የወጣች እናት ምት ቁጠሪ ብትባል መልሷን መገመት አያቅትም።

አንዱን ቦታ በየወቅቱ ማንሳት ሌላም ጥቅም አለው። ከከተማዋ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለውን የቦዬን ረግረግ እንውሰድ። ጉማሬ የሚኖርበት፣ ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል የደፋው ረጅም እግር ወፍ የሚመገብበት ውሃማ ሥፍራ ነው። በጅማ ዙሪያ ያሉ ረግረጎች ለጡብ የሚሆን ጭቃ ይቆፈርባቸዋል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልባቸዋል፣ ከብት ይግጥባቸዋል፤ ይህን የሚያደርገው ሰው ደግሞ ኑሮው ሆኖበት ነው። ለውጡ ግን በዝግታ ስለሚመጣ በየቀኑ በዚያ የሚያልፍ ሰው አያየውም። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በየወቅቱ የተነሳ ፎቶ ያሳየዋል፤ ስልኩም ቀኑንና ሰዓቱን ከፎቶው ጋር ስለሚይዝ «ያኔ ውሃው እዚህ ድረስ ነበር» የሚለው ነገር ወሬ ከመሆን ይወጣል። (በቴሌግራም በተራ ፎቶነት ሲላክ ተጨምቆ ቀኑም ይጠፋል፤ በፋይል መልክ መላክ ይሻላል።) አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ። ጉማሬ ቀኑን በውሃ ውሎ ለግጦሽ የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ ያ ወርቃማ ብርሃን የሚመጣበት ሰዓት ማለት ነው። ለቦዬ ጠዋትን፣ ያውም ከርቀት፣ መምረጥ ይሻላል።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። አንድ ድልድይ ላይ ቆሜ ከሥሩ ዓሣ የሚጠባበቅ ወፍ ሳነሳ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ ስልኬን ጠየቀኝ። ክልክል ነው አለ፤ የት ተጽፏል ብለው «እኔ እየነገርኩህ» አለኝ። ወፏን አጠፋኋት። ሰውየው የታዘዘውን ነው የሠራው፤ የሚከለከል ቦታ መኖሩንም አልቃወምም። የተከለከለው ቦታ ግን ምልክት ይለጠፍበት፤ ምልክት በሌለበት ዜጋ ከተማውን ሲያነሳ እንደ ሰላይ አይታይ። ከተሞች በኮሪደር ልማት የወንዝ ዳርቻና መናፈሻ እየሠሩ ሕዝቡን ውጡና ተዝናኑ በሚሉበት ጊዜ ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የእኛም ግዴታ አለ። ሐሙስ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥን ሴት ሳይጠይቁ ማንሳት፣ ፎቶዋን ከዚያ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ፣ ወፍ እንደማንሳት አይደለም፤ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው።

ቡና ካበበ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ይቀላል። በኅዳር ፎቶውን በወረቀት አሳጥቤ ወደዚያ መንደር ተመለስኩ። ሽማግሌው ለቀማ ላይ ነበሩ፤ ጣታቸው በቡናው ጭማቂ ስለተጣበቀ ፎቶውን በሁለት መዳፋቸው ጠርዝ ያዙት። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ የማንኛውም ቡና አበባ ነው ብዬ ያነሳሁትን እሳቸው ወዲያው ለዩት፤ «ይህቺ የላይኛው አጥር ሥር ያለችው ናት። አበባዋን ከሁሉም አብልጣ ነበር፤ ዝናቡ መታባትና ፍሬዋ ይኸው ነው» ብለው ወደ ዛፏ ወሰዱኝ። እውነትም ከጎረቤቶቿ የቀለለ ፍሬ ነው የያዘችው፤ ቢሆንም እዚህም እዚያም ቀልቶ ይታያል።

«አሁንስ እኔን ነው ቡናውን?» አሉኝ።

«እንደፈቀዱ፣ አባቴ።»

የለቀማ ቅርጫታቸውን አስቀመጡና ከዛፏ ፊት ይቆማሉ ብዬ ስጠብቅ ዞረው ከኋላዋ ቆሙ። ቅርንጫፉን በእጃቸው ትንሽ ወደ እኔ ገፋ አድርገው ፍሬው እንዲታይ አመቻቹልኝ። በፎቶው ላይ ፊታቸው በቅጠሎቹ መካከል በግማሽ ይታያል።